ሕፃናቱን ግጥም እናስተምራቸው ወይስ እናስጩኻቸው?

ሰኔ ሲጋመስ የከተማችን ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ ድንኳን በድንኳን ይሆናል። የወላጆች ቀን ደርሷላ! ወንበር ይደረደራል፤ ከየት እንደተከራዩት የማይታወቅ ድምፅ ማጉያ “ሄሎ፣ ሄሎ፣ ዋን፣ ቱ” እያለ ጆሮ ይበሳል። ከዚያ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ ትወጣና እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ትጮኻለች። ግጥም ማቅረቧ ነው። ስለ አገር ፍቅር ይሁን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ እንኳን ከኋላ የተቀመጥነው እኛ እሷም አታውቀውም። ሲያበቃ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ እናት እንባዋን፣ መምህሩ ላቡን ይጠርጋሉ፤ ዳይሬክተሩም ወደ ክብር እንግዳው ዞር ብለው ፈገግ ይላሉ። ተፈጸመ!

ለመሆኑ ያቺ ልጅ ምን ተማረች?

እኔ በፍሪላንስ ጋዜጠኝነት ኑሮዬን የምገፋ ሰው በመሆኔ ከእንዲህ ዓይነቱ ድግስ አልጠፋም። በአንደኛው ላይ ከመድረክ የወረደች አንዲት ሚጢጢ ልጅ ጠጋ ብዬ “ለአገሬ ዘብ እቆማለሁ ስትዪ ነበር፤ ጎበዝ! ዘብ ግን ምንድን ነው?” አልኳት። ለአፍታ አሰበችና “ዘቢብ ነዋ ጋሼ!” አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። አጠገቧ የቆመው መምህሯ ግን አልሳቀም። “ወንድሜ፣ ዋናው በቃሏ መያዟ ነው፤ ትርጉሙን ስታድግ ትደርስበታለች” ብሎ ነገሩን ዘጋው። እንግዲህ የአገር ድንበር በዘቢብ ሲጠበቅ መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው!

መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። ስድሳና ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አጭቆ የሚያስተምር፣ ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማያልፍ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። እሱም የተማረው እንዲሁ ነው። አንደኛ ደረጃ ሳለ መምህሩ ግጥሙን ሰሌዳ ላይ ጻፉለት፤ ገለበጠው። ቀጥሎ “የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱንም መምህሩ ራሳቸው ሰሌዳው ላይ ጻፉለት፤ እሱንም ገለበጠው። በፈተና ቀን መለሰው፤ በማግስቱ ረሳው። ታዲያ ከየት አምጥቶ ሌላ ያስተምር?

የሚያናድደው ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በግጥም ድኻ በሆነ አገር አይደለም። በቅኔ አገር ነው!

እስቲ ወደ መንደራችን እንመለስ። ማንም መምህር ሳይመደብላቸው፣ ማንም በጀት ሳይዝላቸው የሰፈር ልጆች ግጥምን ሲማሩና ሲያስተምሩ ኖረዋል። ለቡሄ በነሐሴ ወር ሆያ ሆዬ የሚሉትን ወንዶች ልጆች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ያወርዳል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውራጁ በር ላይ ማን እንደወጣ ያያል። ጋሼ ከሆኑ ለጋሼ የሚሆን፣ እትዬ ከሆኑ ለእትዬ የሚሆን ስንኝ ይመርጣል፤ ከሌለው እዚያው ይፈጥራል። ሙልሙሉ ወይም ብሩ ቶሎ ከመጣ ምርቃት፤ ከዘገየ ደግሞ ነካ የምታደርግ ቀልድ። ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ የሚሉት ሴቶች ልጆችም እንዲሁ። እነዚህ ልጆች ሰሚያቸውን ያነባሉ፤ ምቱን በዱላና በጭብጨባ ይጠብቃሉ፤ ተራ ይጠብቃሉ፤ ቃሉ ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ። የግጥም ትምህርት ሌላ ምን ነበረው?

ማታ ማታ ደግሞ እንቆቅልሽ ነበር። “እንቆቅልህ?” “ምን አውቅልህ!” ይባላል፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል። ልጅ አንድ ነገር ሌላ ነገር መስሎ ሊነገር እንደሚችል፣ ማለትም የግጥምን ዋና ምሥጢር፣ የሚማረው እዚያ ነበር። ይህ የአማርኛ ተናጋሪው ብቻ ሀብት አይደለም። ኦሮሞው ሂቦ አለው፤ ትግርኛ ተናጋሪው ሕንቅሕንቅሊተይ አለው። ሁሉም በየቋንቋው ልጁን በእንቆቅልሽና በዜማ ነው አፉን ያስፈታው።

ወደ ቤተ ክህነቱ ትምህርት ብንሄድም የምናገኘው ነገር አለ። እርግጥ ነው፣ ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ሲደግም የግእዙን ትርጉም ሳያውቅ ነው። ሽምደዳ ነበር፤ አንካድ። ነገር ግን ትምህርቱ እዚያ ላይ አይቆምም። ቅኔ ቤት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምርና የራሱን ይቆጥራል፤ ጫካ ገብቶ፣ ጥግ ይዞ አውጥቶና አውርዶ ይመለሳል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ የሰው ቅኔ ማቅረብማ አይነሳ! በዋሸራም ይሁን በጎንጅ የነበሩት ሊቃውንት ያወቁትን አንድ ቁም ነገር የዛሬው ትምህርት ቤት ረስቶታል፤ ሰው ቃልን የሚያውቀው ሲደግም ብቻ ሳይሆን ሲፈጥርም ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የቅኔ ቤት ልጅ የሆኑት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ለተማሪዎቻቸው መዝሙርና ተውኔት እየደረሱ መድረክ ላይ ያወጧቸው ነበር። የዘመናዊ ቲያትራችን አንዱ ሥር ከትምህርት ቤት ልጆች አፍ የበቀለ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከበደ ሚካኤል ደግሞ “ታሪክና ምሳሌ” በተሰኘው መጽሐፋቸው እንስሳትን እያናገሩ በቀላል አማርኛ ተረትን በግጥም ጻፉ። አያቶቻችንና አባቶቻችን በትምህርት ቤት የተማሩትን የከበደን ግጥም ሸብተውም አልረሱትም። ለምን? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታሪክ አለው፤ ተናጋሪ አለው፤ ልጅ የሚያውቃቸው አውሬዎች አሉበት። አባባ ተስፋዬም፣ ማለትም አርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከ1957 ዓ.ም ጀምረው ለ42 ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ልጆችን ከበው ተረት ሲነግሩ ድምፃቸውን ሲያወፍሩና ሲያቀጥኑ፣ ዝም ሲሉ፣ ዓይናቸውን ሲያጉረጠርጡ አገር አይቷል። አንድም ቀን ጮኸው አላስጮኹም። በ2009 ዓ.ም ሐምሌ ሲያርፉ ቦታቸው ባዶ ሆነ፤ እስካሁንም የሞላው የለም።

ታዲያ ዛሬ ምን ይዘናል? አንደኛው በሽታችን በግል መዋዕለ ሕፃናት ይታያል። ገና አፉን ያልፈታ የአራት ዓመት ልጅ ስለ ጥቁር በግና ስለ ሦስት ከረጢት ሱፍ በእንግሊዝኛ ይደረድራል። ወላጅ በደስታ ይፈነድቃል፤ “ልጄ እንግሊዝኛ ቻለ” ብሎ ለጎረቤት ያስደምጣል። ልጁ ግን በጉንም ሱፉንም አያውቃቸውም። ጎረቤቱ ቅጥር ውስጥ ለፋሲካ ታስሮ የሚጮኸው በግ ከዚያ መዝሙር ጋር ዝምድና ያለው አይመስለውም። እንግሊዝኛ አይማር አላልኩም። ይማር! ግን አንድ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቃልና ምት ሳይጫወት በባዕድ ቋንቋ ቢያነበንብ በቀቀን እንጂ አንባቢ አይሆንም። ለዚህ ደግሞ በየወሩ በሺህ የሚቆጠር ብር እየከፈልን ነው። ጉድ እኮ ነው!

ሁለተኛው በሽታ የባሰ ነው፤ የሹመኛ በሽታ ልበለው። በደርግ ዘመን የየቀበሌው ኪነት ነበር፤ ልጆች ተሰልፈው ለአብዮቱ ይገጥሙ ነበር። ደርግ ሄደ፤ ኢሕአዴግ መጣ፤ ልጆቹ ቀሩ፤ የሚያወድሱት ብቻ ተቀየረ። ኢሕአዴግም ስሙን ቀይሮ ሄደ፤ ልጆቹ ግን ዛሬም ከመድረክ አልወረዱም። ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር፣ ሪባን በተቆረጠ ቁጥር አንድ ሕፃን ማይክራፎን ይሰጠውና ስለማያውቀው ፖሊሲ በስንኝ ያመሰግናል። ክቡርነታቸውም ተነስተው ይስሙታል፤ ካሜራው ያነሳል። ወገኖቼ፣ ይህ ትምህርት ነው ወይስ ሕፃንን እንደ አበባ ጉንጉን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ?

ነገሩን ቀላል አድርጎ የሚያየው ሰው ይኖራል። “ልጆች ናቸው፤ ምን አለበት?” ይል ይሆናል። አለበት እንጂ! ያልገባውን ነገር ጮክ ብሎ መናገርና በጭብጨባ መሸለም በስድስት ዓመቱ የለመደ ልጅ በሠላሳ ዓመቱ ምን ይሆናል? ስብሰባ ላይ ያልገባውን ነገር ተነስቶ የሚደግፍ፣ ያላነበበውን የአቋም መግለጫ በእጅ ማውጣት የሚያጸድቅ ሰው ከሰማይ የሚወርድ ይመስላችኋል? ከወላጆች ቀን ድንኳን ነው የሚመጣው።

በተቃራኒው ግጥም የገባው ወጣት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ታሪካችን ይነግረናል። በ1953 ዓ.ም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የግጥም ውድድር ታምሩ ፈይሳ “ድሀው ይናገራል” የተሰኘ ግጥሙን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት አነበበ። በ1959 ዓ.ም ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ማለትም ገሞራው፣ “በረከተ መርገም”ን ይዞ መጣ። እነዚህ ወጣቶች የሰው ግጥም አልተሰጣቸውም፤ የታያቸውን በራሳቸው ቃል ተናገሩ። መንግሥትም ከጠመንጃ ባልተናነሰ ፈራቸው። ገሞራው በስደት ሲንከራተት ኖሮ በ2007 ዓ.ም በስዊድን አረፈ። ለዚህ ነው እኔ የሕፃናት የግጥም ትምህርት የጌጥ ጉዳይ አይደለም የምለው። አበው “ዝም አይነቅዝም” ብለውናል፤ ደግሞም “ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል” ብለውናል። ልጆቻችን የፊተኛውን በደንብ ተምረውታል። የኋለኛውን የሚያስተምራቸው አጥተዋል።

እሺ፣ መውቀስ ቀላል ነው፤ መፍትሔህ ምንድን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወጪ የማይጠይቅ፣ ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል የሚሠራ ነገር ላቅርብ። ለጎረቤቴ ልጆች በክረምት የደረደርኳትን ሁለት ስንኝ እንደ ምሳሌ እንውሰዳት።

ዝናብ መጣ ብዬ ጣራውን ሰማሁት፣
ቆርቆሮው ከበሮ ሆኖ አገኘሁት።

የጸጋዬን ደረጃ አትጠብቁ፤ ለማሳያ ነው። መምህሯ በመጀመሪያ ታንብበው፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስሙ። ሁለት ጊዜ ታንብበው። ከዚያ “መልእክቱ ምንድን ነው?” ብላ እንዳትጠይቅ አደራ! “ምን ሰማችሁ? የእናንተ ቤት ጣራ ሲዘንብበት ምን ይላል?” ትበላቸው። አንዱ “ጠጠር ይመስላል” ይላል፤ ሌላዋ “እማዬ በቆሎ ስትቆላ ይመስላል” ትላለች፤ ሦስተኛው “የእኛ ያፈሳል” ይላል። ሁሉም ትክክል ናቸው! የተሳሳተ መልስ በሌለበት ቦታ ዓይን አፋሩም ልጅ አፉን ይከፍታል። ለግጥም ምላሽ መስጠት ማለት ይህ ነው፤ ግጥሙን ከራስ ጣራ ጋር ማገናኘት።

ቀጥሎ ምቱ ነው። ይህች ስንኝ ወል ቤት በሚባለው ምት የተሠራች ናት። እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ስድስት ቀለም። ልጆቹ ዴስካቸውን በጣታቸው እየመቱ ስድስት ይቁጠሩ፤ ትንሽ ይረፉ፤ እንደገና ስድስት። ፊደል መቁጠር ብቻውን አያዋጣም፤ ብዙ ጊዜ ሳድሱ ፊደል ከፊተኛው ጋር ተጣብቆ ስለሚነገር የሚቆጥረው ጆሮ ነው። የት እንደሚታረፍ ያወቀ ልጅ መጮህ አያስፈልገውም፤ ዕረፍቱ ራሱ ሰሚውን ይይዝለታል። ከዚያ ክፍሉ ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ የፊተኛውን ሐረግ ያውርድ፣ ግማሹ የኋለኛውን ይቀበል። ሰባ ልጅ መኖሩ እዚህ ላይ ችግር መሆኑ ይቀርና በረከት ይሆናል። አንዴ በሹክሹክታ፣ አንዴ እንደ ካፊያ፣ አንዴ እንደ ዶፍ። ልጆቹ ራሳቸው “እንደገና!” ይላሉ፤ በስንተኛው ላይ በቃላቸው እንደያዙት እንኳ አያውቁም።

መጨረሻ ላይ፣ ልክ እንደ ቅኔ ተማሪው፣ የራሳቸውን ሁለት ስንኝ ይሞክሩ። “ሰማሁት” ከሚለው ጋር ቤት የሚመታ ምን አለ? “አየሁት”፣ “በላሁት”፣ “ደበቅሁት”... ይስቃሉ፤ ይሳሳታሉ፤ ያስተካክላሉ። አንዷ ልጅ “ወንድሜን ደበቅሁት” ብላ ከጀመረች ቀሪውን መስማት የማይፈልግ ማን አለ?

“ልጆቹ ማንበብ እንኳ አልቻሉም፤ ግጥም ቅንጦት ነው” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ማንበብ አልቻሉም። በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሦስት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያህል ከቀረበለት ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። ግጥም ቢማሩ ኖሮ ሁሉም ያልፉ ነበር የሚል ተራ ነገር አልናገርም። ግን ልብ በሉ፤ ንባብ ማለት የፊደልን ድምፅ በጆሮ መለየት ነው። “ሰማሁት” እና “አየሁት” መጨረሻቸው አንድ መሆኑን በጆሮው ያወቀ ልጅ ሁለቱን በዓይኑ ሲያያቸው የሚመሳሰለውን ፊደል ራሱ ያገኘዋል። በቃሉ የያዘውን ግጥም ወረቀት ላይ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ፊደል ጠላቱ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ግጥም ከንባብ በኋላ የሚመጣ ማጣጣሚያ አይደለም፤ የንባብ በር ነው።

የሚመለከታችሁ ሁሉ ስሙኝማ። ትምህርት ሚኒስቴር በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ አስገብቷል፤ በወረቀት ደረጃ ደግ ነገር ነው። ግን መምህራኑ በኮሌጅ ሳሉ አንድ ግጥም ለልጅ እንዴት ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ ማን አሳያቸው? ካላሳያችኋቸው መጽሐፉ ብቻውን ምን ይፈይዳል? የትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ ለድንኳንና ለድምፅ ማጉያ ከምታወጡት ጥቂቱን ቀንሳችሁ የልጆች የግጥም መጻሕፍት ግዙ። ገጣሚዎቻችን፣ አዳራሽ ሞልቶ ሲያጨበጭብላችሁ ደስ ይላል፤ ግን ለስድስት ዓመት ልጅ ስንቶቻችሁ ጻፋችሁ? ከበደ ሚካኤል አላፈሩበትም፤ እናንተስ? ሹማምንት ሆይ፣ ልጆቹን ተዉአቸው! ውዳሴ ካማራችሁ ደመወዝ የምትከፍሏቸው አሉላችሁ።

ወላጆችም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ለአሥር ደቂቃ እንዝጋውና ማታ አንድ እንቆቅልሽ እንጠይቃቸው። በሚቀጥለው የወላጆች ቀን ደግሞ ልጃችን ከመድረክ ስትወርድ ለማጨብጨብ አንቸኩል። ጎንበስ ብለን “የቱን ስንኝ ወደድሽው? ለምን?” እንበላት። መልስ ካላት ግጥም ተምራለች፤ ያኔ እጃችን እስኪላጥ እናጨብጭብ። መልስ ከሌላት ግን ጭብጨባችንን ይዘን ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ እንሂድ። ጥያቄው የሚገባው እዚያ ነው።